ፕሪፕሊ በሚባለው የኢንተርኔት ገፅ ላይ አማርኛ ማስተማር ለጡረተኛ ያዋጣል ወይ? ሁለት ዓመት የሰራሁበትን ልንገራችሁ

ሰሞኑን አብረውኝ ያስተማሩ ጓደኞቼ አንድ በአንድ እየደወሉ "ኢንተርኔት ላይ ትሰሪያለሽ አሉ፣ እውነት ነው ወይ፣ ብሩስ እጅሽ ይገባል ወይ" እያሉ ስለሚጠይቁኝ ለሁሉም በስልክ ከምደጋግመው እዚህ ዘርዘር አርጌ ልፃፈው ብዬ ነው። እኔ ደሴ 38 ዓመት አማርኛ አስተምሬ ሰኔ 2015 ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ጡረታዬ በወር 5,800 ብር ገደማ ነው። በዚህ ዘመን 5,800 ብር ምን እንደምትገዛ ለናንተ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

መጀመሪያ ግን የተበላሁበትን ልናገር፣ ምክንያቱም እዛ ወጥመድ ውስጥ ሊገቡ ያሉ ሰዎች አሁንም አሉ። ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ወር አንዲት ጎረቤቴ በቴሌግራም ሊንክ ላከችልኝ፣ ቪዲዮ እያያችሁ ላይክ አድርጉ በየቀኑ ይከፈላችኋል የሚል ነው። ለመግቢያ 3,000 ብር ከፈልኩ፣ መጀመሪያ ሰሞን እውነትም 400 ብር ምናምን መለሱልኝ፣ ከዛ ደረጃ ከፍ በይ ብለው 8,000 ጠየቁኝ፣ እኔ ለልጄ ሳማክራት "እማዬ በናትሽ ተይው" ስላለችኝ ተረፍኩ እንጂ የእቁብ ብሬን ላወጣ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግሩፑም አፑም የለም። ጎረቤቴ 20 ሺ ነው የሄደባት፣ ያውም ቤት ልታሳድስበት ያስቀመጠችው። ስለዚህ እባካችሁ ሊያሰራችሁ መጥቶ በቅድሚያ ብር አምጡ ካለ ስራ አይደለም፣ በቃ።

ፕሪፕሊን ያሳየችኝ ያቺው ልጄ ነች። ከ2012 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ የቋንቋ አስተማሪና ተማሪ ማገናኛ ነው፣ መሥራቾቹ ዩክሬናውያን ናቸው። እንግሊዝኛ ስፓኒሽ ብቻ መስሎኝ ነበር፣ አማርኛም አለ ስትለኝ አላመንኩም፣ ገብቼ ሳይ የኛ ልጆች እያስተማሩ ነው። ለመመዝገብ ምንም አይከፈልም። ፎቶ፣ ስለራስሽ ፅሁፍ፣ እና ከሁለት ደቂቃ የማይበልጥ ቪዲዮ ይፈልጋሉ፣ ቪዲዮው ስልኩ በአግድም ሆኖ ነው የሚቀረፀው፣ ውስጡ ስልክ ቁጥር ምናምን መናገር አይቻልም። እኔ ቪዲዮውን አስራ አንድ ጊዜ ነው የቀረፅኩት፣ 60 ልጅ ፊት ስቆም ያልፈራሁ ሰው ስልክ ፊት ድምፄ ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ልጄ ከስልኩ ጀርባ ቁጭ ብላ "ለኔ አስረጂኝ" ስትለኝ ነው የሆነልኝ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዋጋውን የምትወስኚው ራስሽ ነሽ። እኔ በ8 ዶላር ጀመርኩ። ኩባንያው ኮሚሽን ይቆርጣል፣ ይሄን ቀድመው ስለሚነግሩ ማንም ተደብቆብኝ ነበር ማለት አይችልም፣ ለመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓቶች 33 በመቶ ነው፣ ከዛ ባስተማርሽ ቁጥር 28፣ 25፣ 22 እያለ ይወርድና 400 ሰዓት ስታልፊ 18 በመቶ ላይ ይቆማል። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ፣ አዲስ ተማሪ የሚሞክርሽ የመጀመሪያው ክላስ ክፍያ ሙሉ በሙሉ የኩባንያው ነው። እኔ በመጀመሪያው ወር ሦስት ሙከራ አስተማርኩ፣ ሦስቱም አልቀጠሉም፣ ስለዚህ የዛ ወር ገቢዬ ዜሮ ነው። ብዙ ሰው እዚች ጋ ነው የሚያቆመው። እኔም ላቆም ነበር፣ ግን አራተኛዋ ቀጠለች፣ አምስተኛውም ቀጠለ፣ ከዛ ሪቪው (አስተያየት) ሲፅፉልኝ በሱ ነው ሌሎቹ የመጡት።

አሁን 400 ሰዓት አልፌያለሁ። ዋጋዬ 12 ዶላር ነው፣ ተቆርጦ 9 ዶላር ከ84 ሳንቲም ይደርሰኛል፣ በሳምንት ስድስት ክላስ ስለማስተምር በወር 236 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። ክላሱ 50 ደቂቃ ነው። ተማሪው በየአራት ሳምንቱ ቀድሞ ስለሚከፍል ነገ ይከፍለኝ ይሆን ብሎ ማሰብ የለም፣ እኔ በጣም የወደድኩለት ይሄን ነው። ግን በየወሩ እኩል አይደለም፣ የነሱ ትምህርት ሲዘጋ ቤተሰብ ለእረፍት ይሄድና ሁለትና ሦስት ክላስ ብቻ ይዘሽ የምትቀሪበት ጊዜ አለ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬው በገበያ ይወሰን ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ፣ ገበያው እየጨመረ ጡረታዬ ባለበት ሲቆም ይቺ ከውጭ የምትመጣው ግን አብራ ከፍ አለች። የኩላሊት መድሃኒቴን ሳልበደር የገዛሁት ከዛ ወዲህ ነው።

ብሩን የማወጣው ፔዮኒር በሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያ ነው፣ ከፕሪፕሊ ወደ ፔዮኒር፣ ከዛ ወደ ባንክ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲፃፍ እንደፃፈው ሰው ነው። ፓስፖርቴ ላይ ያለው የአባቴ ስም ባንክ ደብተሬ ላይ ካለው በአንድ ፊደል ይለያል፣ በሷ ምክንያት የመጀመሪያው ብሬ ተመልሶ ሄደ፣ ባንኩ (ስሙን አልጠራም) ሦስት ቀን አመላለሰኝ፣ ነገ ነይ ኃላፊው የለም እየተባልኩ። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ፓስፖርት ወይ መታወቂያችሁንና የባንክ ደብተራችሁን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ሰዓቱም ያስቸግራል። ስፔን ላለች ተማሪዬ "በ3 እንገናኝ" ብዬ ፃፍኩላት፣ እኔ የኛን ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቴ ነው፣ እሷ በነሱ ቆጠራ ከሰዓት ሦስት አለችው፣ እኔ ጠዋት ስጠብቃት እሷ ከሰዓት ስትጠብቀኝ ዋልን። ይቅርታ ጠየቅኳትና ተካካስን። አሁን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዓት አለ፣ አንዱ በኛ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ለተማሪ ስፅፍ ሁለተኛውን አይቼ ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ይለውጣሉ፣ የቅዳሜዋ ክላሴ በጋቸው ላይ በኛ 11 ሰዓት ነች፣ ክረምታቸው ሲገባ 12 ትሆናለች።

የኔ ተማሪዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የዲያስፖራ ልጆች፣ ኢትዮጵያዊ ያገቡ የውጭ ሰዎች፣ እና በሕፃንነታቸው በጉዲፈቻ ሄደው አሁን ቋንቋውን የሚፈልጉ። የስፔኗ ልጅ ከነዚህ ከጉዲፈቻዎቹ ናት፣ 19 ዓመቷ ነው፣ መጀመሪያ እንዳስተምራት የጠየቀችኝ ዓረፍተ ነገር "ስሜን ማን አወጣልኝ?" የሚል ነው። ያን ቀን ክላሱ ሲያልቅ ካሜራውን አጥፍቼ ብዙ ቆየሁ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ደግሞ ቀ አይወጣላትም ነበር። ቁርስ ስትል ኩርስ ነው። 38 ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ችግር አላጋጠመኝም፣ ደሴ ቀ የማይል ልጅ የለማ! ከዛ ቀጭን ወረቀት ከአፍሽ ፊት ያዢ አልኳት። ከ ስትይ ወረቀቱ ይወዛወዛል፣ ቀ ስትይ ግን ትንፋሽሽን ይዘሽ ከጉሮሮ ስለምትለቂው ዝም ይላል። ተ እና ጠ ም እንደዚሁ ነው። ሁለት ሳምንት ወረቀት ይዛ ዋለች፣ እናትየዋ "ቲቸር፣ እራት ላይ ሁሉ ወረቀት ይዛ ነው ምትቀርበው" አለችኝ። ታዲያ አያቷን አንተ ትላቸው ስለነበር እናትየው አጥብቃ እርስዎ ማለትን አስተምሪልኝ ብላኝ ነበር፣ አንድ ቅዳሜ ክላስ እያለን ደብረ ብርሃን ወዳሉት አያቷ ደወሉና ልጅቷ "ቁርስ በልተዋል?" አለቻቸው፣ ምሽት ነው እኮ፣ ግን እሳቸው ዝም ብለው ቆዩና "በልቻለሁ ልጄ፣ በልቻለሁ" አሉ። ለዚች ቀ ነው የምሰራው።

አስተማሪ ከሆናችሁ እዚህ የምታውቁት ነገር አዲስ ዋጋ አለው። ገና (በዓሉ) እና ገና (አልደረሰም)፣ ዋና (ትልቁ) እና ዋና (ውሃ ላይ) ፊደላቸው አንድ ሆኖ በመጥበቅና በመላላት ብቻ እንደሚለዩ የውጭ ሰው መፅሐፍ አይቶ አያውቀውም፣ ሰው ነው የሚያስፈልገው። 231ዱን ፊደል ግን በመጀመሪያው ቀን አትዘርግፉባቸው፣ እኔ ዘርግፌ ሁለት ተማሪ ሸሽቶኛል።

ወጪውንም ልናገር። ላፕቶፑ የልጄ አሮጌ ነው፣ ሄድፎን ገዛሁ፣ መብራት ሲጠፋ ዋይፋይ እንዳይጠፋ በ2,500 ብር ትንሽ ዩፒኤስ አደረግኩ። ከዛ በፊት መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶብኝ መሀል ላይ ተቋርጫለሁ፣ አንዱ ተማሪ በዛው ቀረ። ኢንተርኔት በማይረጋበት ሰፈር ላለ ሰው አልመክረውም፣ እንግሊዝኛም ቢያንስ ለማስረዳት ያህል ያስፈልጋል፣ ዲያስፖራ ልጆቹ ራሱ ያለሱ አይገባቸውም።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን የቀነስኩት ያቺ መጀመሪያ ላይ ያለችው 33 በመቶ ለጀማሪ ስለምትከብድ ነው። ጡረታን ይተካል ብላችሁ ግን አትግቡ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ያለ ገቢ መታገስ ለማይችል ሰው ልብ ይሰብራል። ደሴ ያላችሁና ቪዲዮው የሚያስቸግራችሁ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ኑ፣ አብረን እንቀርፃለን፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ክላስ አለኝ።