የኦፔራ የእጅ ጽሑፍ ስትገዙ፦ የፊርማ ቁራጭ፣ የገልባጭ ቅጂ ወይስ የደራሲው ረቂቅ?

ሙሉ ኦፔራ በደራሲው፣ ማለትም ሙዚቃውን በፈጠረው ሰው፣ እጅ ተጽፎ ገበያ ላይ ማግኘት ዘበት ነው። የሞዛርት ኦፔራ «ዶን ጆቫኒ» የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ያለው ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዘፋኟ ፖሊን ቪያርዶ እ.ኤ.አ. በ1855 ጌጣጌጧን ሸጣ ገዛችው፤ በኋላም ለሕዝብ ሰጠችው። የጣልያናዊው ደራሲ የቨርዲ የኦፔራ የእጅ ጽሑፎች አብዛኞቹ ሚላን፣ በሙዚቃ አሳታሚው በሪኮርዲ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። ለዋጋ ግምት እንዲሆናችሁ፣ ኦፔራ ባይሆንም የሙዚቃ ደራሲው የማህለር ሁለተኛ ሲምፎኒ የእጅ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ለንደን ላይ ከ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጧል። ለተራ ሰብሳቢ የሚቀሩት ሦስት ምርጫዎች ናቸው።

የፊርማ ቁራጭ የሚባለው ደራሲው ለአድናቂ ብሎ ጥቂት ኖታ ጽፎ የፈረመበት ወረቀት ነው። ጣልያናዊው የኦፔራ ደራሲ ፑቺኒ እንዲህ ያለ ብዙ ጽፏል። ዋጋው ከደራሲው ረቂቅ ይቀላል፣ በፍሬም ግድግዳ ላይ ያምራል። ግን አጭር ስለሆነ ለአስመሳይ ይመቻል። ስለ ሥራው አወላለድም የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ረቂቅ ቅጠል፣ ማለትም ደራሲው ሥራውን ሲጽፍ ከተጠቀመበት ወረቀት አንድ ሉህ፣ ሌላ ዓለም ነው። ሞዛርት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የዘፋኙን ድምፅ፣ ባሱን (ዝቅተኛውን የዜማ መስመር) እና አንደኛ ቫዮሊኑን ይጽፍና ሌላውን በኋላ ይሞላው ነበር። ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት የቀለም ጥላ ይታያል። ሰውየው ምን ቀድሞ እንደሰማ በዓይናችሁ ታያላችሁ! የተሳሳተ ኖታ በቢላ ተፍቆ ከሆነም ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት ቦታው ሳስቶ ያበራል። ዋጋው ግን ኪስ ያራቁታል። አንድ ነገር አደራ፦ በቅርብ ከጥራዝ የተቆረጠ የሚመስል ቅጠል ከቀረበላችሁ አትግዙ። እ.ኤ.አ. በ1958 ብራስልስ ኤግዚቢሽን ላይ የሞዛርት የሙታን ጸሎት ሙዚቃ፣ የ«ሬኩዊየም»፣ የእጅ ጽሑፍ የመጨረሻው ገጽ ጥግ ተቀዶ ተሰረቀ፤ እስካሁን አልተገኘም። እንዲህ ላለው ጥፋት ገበያ የሚሆነው ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ነው።

ሦስተኛው የገልባጭ ቅጂ ነው። ኦፔራዎች በብዛት መታተም ከመጀመራቸው በፊት ከቲያትር ቲያትር የሚዞሩት በእጅ እየተገለበጡ ነበር። በእነዚህ ላይ ተሰፍተው የተዘጉ ገጾች፣ የተሰረዙ አሪያዎች (አንድ ዘፋኝ ለብቻው የሚዘፍናቸው ዜማዎች)፣ በጠርዙ የተጻፈ የዘፋኝ ስም ታገኛላችሁ። መድረኩ ራሱ ወረቀቱ ላይ አለ። ደራሲው በእጁ ያረመበት ከሆነ ዋጋው ይተኮሳል፤ ያኔ ሻጩ እርማቱ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለና የእጅ ጽሑፉን ማን እንዳመሳከረው ያሳያችሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኦፔራ ለሚወድ ሰው የገልባጩ ቅጂ ይሻላል። በአንድ የፊርማ ቁራጭ ፈንታ አንድ ሙሉ የኦፔራ ገቢር (ክፍል) ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያሳይ ሰነድ ጠይቁ። ወረቀቱንም ወደ መብራት አንሱ። በሞዛርት ዘመን ቪየና ውስጥ የተለመደው የጣልያን ወረቀት ሦስት ግማሽ ጨረቃ በውስጡ ይታይበታል። በማጉያ መነጽርም ቀለሙን እዩ፦ ብዕሩ ቀለም ሲጠግብ ይጠቁራል፣ ሲያልቅበት ይገረጣል። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ የታተመ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የድሮው ቀለም ብረት ስላለበት ወረቀቱን ይበላል፤ ከእርጥበትና ከፀሐይ አርቁት።