ሂፕ ሪሰርፌሲንግ ከ14 ወር አጠቃቀም በኋላ፦ ብረቱ ቶሎ፣ አጥንቱ በቀስታ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በርሚንግሃም ሂፕ ሪሰርፌሲንግ፣ በአጭሩ ቢኤችአር የተባለውን የዳሌ መገጣጠሚያ ዕቃ ነው። የተገጠመው በቀኝ ዳሌ ነው። የጭን አጥንት ራስ ላይ የሚደፋው ቆብ 50 ሚሊሜትር፣ የዳሌው ጎድጓዳ ውስጥ የሚገባው ኩባያ ደግሞ 56 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱም የኮባልትና የክሮሚየም ቅይጥ ናቸው። ከተገጠመ 14 ወር ሆኖታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በክራንች፣ በብስክሌት፣ በዋና፣ ከ9ኛው ወር ወዲህ ደግሞ በሶምሶማ ተፈትኗል።

ዕቃውን ለማያውቅ ሰው፦ በሙሉ የዳሌ ቅየራ የጭን አጥንቱ ራስ ተቆርጦ ይወጣና ረጅም ብረት በአጥንቱ መቅኒ ውስጥ ይሰካል። እዚህ ግን ራሱ አይቆረጥም። ያለቀው ገጽ ተሞርዶ ይስተካከልና ቆቡ በሲሚንቶ ይለጠፍበታል። ኩባያው ሲሚንቶ የለውም፤ ጀርባው ሻካራ ስለሆነ ተጠቅጥቆ ይገባና አጥንት እያደገ ይይዘዋል። ዴሪክ ማክሚንና ሮናን ትሪሲ የተባሉ ሐኪሞች በርሚንግሃም ከተማ ውስጥ ይህን ዕቃ መግጠም የጀመሩት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ራሱ ትልቅ ስለሆነ የመውለቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ አጥንቱም ስለሚተርፍ አንድ ቀን ሙሉ ቅየራ ቢያስፈልግ መነሻ ይኖራል። ሩጫና ኳስ የለመዱ ሰዎች ይህን የሚመርጡት ለዚህ ነው።

የዕቃው ዋና ድክመት የሚመጣውም ከዚያው ከተረፈው አጥንት ነው። ከቆቡ በታች የቀረው የጭን አጥንት አንገት ሊሰበር ይችላል። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ። ሲሞረድ አንገቱ ከተጫረ፣ ቆቡ ወደ ውስጥ ዘሞ ከተቀመጠ፣ ወይም አጥንቱ ቀድሞውንም የሳሳ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ግን ይህ ነው፦ የአንገቱ የአጥንት ጥግግት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ይቀንሳል፤ ወደ ነበረበት የሚመለሰው ዓመት ሲሞላ አካባቢ ነው። ሕመሙ ግን ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ ጥርግ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ማለትም ሰውየው «ድኛለሁ» በሚልበት ሳምንት አጥንቱ ከቀዶ ጥገናው ቀን ይልቅ ደካማ ሊሆን ይችላል። ስለ ዕቃው ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ከመግዛት በፊት

ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከር ዕቃ ለሁሉም አይሆንም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው በደም ውስጥ የሚገባውን ብረት ማስወገድ ስለማይችል ይህ ዕቃ አይመከርለትም፤ ልጅ ለመውለድ ለምታስብ ሴትና የብረት አለርጂ ላለበትም እንደዚሁ። አምራቹ ስሚዝ ኤንድ ኔፊው በ2015 እ.ኤ.አ. ለሴቶች መሸጡን አቁሟል፤ 46 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆኑትንም መጠኖች ከገበያ አውጥቷል። ትንሽ ቆብ ቶሎ ስለሚፋቅ ነው። ሁሉም ሪሰርፌሲንግ አንድ አይደለም፤ ዲፑይ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኤኤስአር የተባለ ዕቃ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዓለም ገበያ ተሰብስቧል። ስለዚህ ሐኪሙን «ሪሰርፌሲንግ ትሠራለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። የትኛውን ዕቃ፣ በስንት መጠን፣ በዓመት ለስንት ሰው እንደሚገጥም ይጠየቅ። ኩባያው ከ40 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ዘንበል ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከ55 ካለፈ ክብደቱ ጠርዙ ላይ ስለሚያርፍ ብረቱ ይፋቃል። ይህ ልክ የሚወሰነው በዕቃው ሳይሆን በገጣሚው እጅ ነው።

ሳምንት 1 እስከ 6፦ ክራንች፣ ወንበር፣ ካልሲ

ክራንቹ የክንድ ክራንች ይሁን፤ የብብት ክራንች ለስድስት ሳምንት አይመችም። ቀጥ ብሎ ቆሞ ክንድ ሲንጠለጠል መያዣው የእጅ አንጓው መታጠፊያ ላይ መድረስ አለበት፤ ሲያዝ ክርን በትንሹ ይታጠፋል። ከዚህ ካጠረ ሰውየው ይጎብጣል፣ ከረዘመ ትከሻው ይነሳል። መያዣው ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት መዳፍ ይላጣል፤ ስፖንጅ መጠቅለል ይረዳል። ችላ የሚባለው ከታች ያለው ጎማ ነው። ከጎማው በታች ያሉት ክብ ክብ ጥርሶች በአንድ ጎን አልቀው ለስልሰው ከታዩ፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ክራንቹ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። መለዋወጫ ጎማ ከመጀመሪያው አብሮ ይገዛ።

ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወረድ ክራንቹና የታከመው እግር ይቀድማሉ። ወደ አንድ ክራንች ሲታለፍ ክራንቹ የሚያዘው በታከመው እግር በኩል ሳይሆን በተቃራኒው እጅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በዚያው በኩል ከተያዘ ሰውነት ወደ ታመመው ጎን ይዘማል፣ ማነከሱም ልማድ ሆኖ ይቀራል። ክራንች የሚጣለው በቀን ቆጠራ ብቻ አይደለም። ያለ ክራንች አሥር ደቂቃ ሲኬድ ማነከስ ካለ ገና ነው።

ከኋላ በኩል በተከፈተ ዳሌ ላይ ለ6 ሳምንት ያህል ጉልበት ከዳሌ በላይ መውጣት የለበትም፤ እግር ማነባበርና የታከመውን እግር ወደ ውስጥ ማዞርም ክልክል ነው። ይህ ለእኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው። በርጩማ፣ ዱካ፣ ዝቅ ያለ ሶፋ፣ ቁጢጥ ብሎ የሚገባበት መጸዳጃ ሁሉ ለጊዜው ይቀራሉ። ቡና ሲፈላ ረጅም ወንበር ይቅረብ፤ ትራስም ይደረብበት። 10 ሴንቲ ሜትር የሚጨምረው የመጸዳጃ መቀመጫ ከፍ ማድረጊያ በጎን በኩል በብሎን የሚጠብቅ ይሁን። ዝም ብሎ የሚደረበው ዓይነት ሲቀመጡበት ይንሸራተታል፣ ለደካማ ዳሌ ደግሞ ድንገተኛ መንሸራተት መጥፎ ነው። ለካልሲ ማጥለቂያ የሚሸጠው የፕላስቲክ ቦይ ርካሽ ነው፤ ካልሲው ቦዩ ላይ ይጠለቅና በሁለት ገመድ ወደ እግር ይሳባል። ተረከዙ ወደ ታች ካልዞረ ግን መሃል መንገድ ላይ ይጠመዘዛል።

ቀዶ ጥገናውን በእንግሊዝ፣ በቤልጅየም ወይም በህንድ አሠርቶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ሰው የአውሮፕላኑን ነገር አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። የደም መርጋት አደጋ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከፍተኛ ነው፤ ረጅም በረራም ያባብሰዋል። የደም ማቅጠኛ መድኃኒቱ በታዘዘው ቀን ሁሉ ይወሰድ፤ ባት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሆስፒታል ይኬድ።

ሳምንት 6 እስከ ወር 6፦ ጡንቻ የሚመለስበት

ዕቃው ጸጥ የሚለው በዚህ ጊዜ ነው። ቀደም ሲል በእርምጃ መሃል «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጡንቻው ልል ስለሆነ ቆቡ ከኩባያው ጥቂት ተላቆ ሲመለስ ነው። ጡንቻ ሲጠነክር ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። ሕመም የሌለው ቋ-ታ አያስጨንቅም። ብሽሽት ላይ እግር ሲነሳ የሚቆነጥጥ ሕመም ከቆየ ግን የኩባያው ጠርዝ ጅማት እየነካ ሊሆን ይችላል፤ ለሐኪም ይታይ።

ዋናው ሥራ በዳሌው ጎን ያለው የመቀመጫ ጡንቻ ላይ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። መስታወት ፊት በአጭር ሱሪ ቆሞ በታከመው እግር ብቻ 30 ሰከንድ መቆም፣ የቀበቶው መስመር ላይ ማተኮር። ደህናው በኩል ያለው የቀበቶ ጫፍ ወደ ታች ከወረደ ጡንቻው አልደረሰም። ለዚህ በጎን ተኝቶ እግር ማንሳት፣ ጉልበት ላይ ላስቲክ አስሮ ወደ ጎን መራመድ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት፤ እያንዳንዳቸው 3 ዙር በ12 ጊዜ፣ በሳምንት 4 ቀን። ላስቲኩ ከቀጭኑ ይጀመር። ወፍራም ላስቲክ ላይ የሚቸኩል ሰው በወገቡ ነው የሚሳበው።

የቤት ውስጥ ቋሚ ብስክሌት ከተገዙት ዕቃዎች ሁሉ ገንዘቡን ያወጣ ነው። ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ወንበሩ ከፍ ተደርጎ፣ መሪውም ከፍ ብሎ፣ ያለ ጭነት በ10 ደቂቃ ይጀመራል፤ በሳምንት 5 ደቂቃ ይጨመራል። ወንበሩ ዝቅ ካለ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ ያው ክልክሉ ነው። ዋና ጥሩ ነው፤ የእንቁራሪት ዓይነቱ የእግር ምት ግን እስከ 3ኛው ወር ድረስ ይቆይ። ስግደት ጥልቅ መታጠፍ ስለሆነ ሐኪም ሳይፈቅድ አይጀመር። በዚህ ዕቃ የራስና የአንገት ውፍረት ልዩነት ከሙሉ ቅየራው ያነሰ ነው፤ እግር ጠልቆ ሲታጠፍ አንገቱ የኩባያውን ጠርዝ ሊነካ ይችላል።

ምግብ ከስፖርቱ አይለይም። ለማገገም በኪሎ ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ84 እስከ 112 ግራም በቀን ነው። በፍስክ ቀላል ነው። በጾም ግን አንድ ስኒ የበሰለ ምስር 18 ግራም ገደማ ብቻ ስለሚሰጥ ሽሮ፣ አተርና ሽምብራ በየገበታው መኖር አለባቸው። ሲጋራ ደግሞ አጥንትን በቀጥታ ይጎዳል፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ወደ ሩጫ መመለስ

የብሪታንያው የቴኒስ ተጫዋች አንዲ መሪ በጥር 2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሪሰርፌሲንግ አሠርቶ በሰኔ ወር በለንደኑ የኩዊንስ ውድድር በጥንድ አሸንፏል፤ በጥቅምት ደግሞ በአንትወርፕ የነጠላውን ዋንጫ ወስዷል። ይህ ታሪክ ብዙ ሰው አስቸኩሏል። በቅደም ተከተሉ ላይ ግን ትምህርት አለ፦ መጀመሪያ ግማሽ ሜዳ ብቻ የሚሸፈንበት ጥንድ፣ ወራት ቆይቶ ነጠላ፤ ያውም በየቀኑ ባለሙያ አጠገቡ እያለ። ለሌላው ሰው አንዳንድ ሐኪም 6 ወር፣ አንዳንዱ ሙሉ ዓመት ሳይሞላ ሩጫና ዝላይ አይፈቅድም። በዚህ ዳሌ ሶምሶማ የተጀመረው በ9ኛው ወር ቢሆንም፣ እኔ ወደ ረጅሙ አደላለሁ፤ ምክንያቱን ከላይ ጽፌዋለሁ።

ፈቃድ ሲገኝ ሦስት ነገር ይሟላ፦ 5 ኪሎ ሜትር ፈጣን እርምጃ ያለ ማነከስ፣ የመስታወቱ ፈተና ለ30 ሰከንድ፣ በአንድ እግር 20 ጊዜ ተረከዝ ማንሳት። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ዙር፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በመሃሉ እረፍት። ሣር ወይም አፈር ይመረጥ። መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው የሚመታው፤ ቁልቁለትም እንዲሁ፤ ሁለቱም በመጨረሻ ይምጡ። እርምጃ ይጠር፣ ይብዛ። እግር ሲያርፍ የሚሰማውን ድምፅ ማዳመጥ ይበጃል፦ ሁለቱ እግሮች እኩል ካልጮሁ አንደኛው እየተሸሸ ነው፤ የዚያን ቀን ሩጫ ይቁም።

መመሪያው የማግስቱ ጠዋት ነው። ጡንቻ ቢዝል ምንም አይደለም። ብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚያም፣ እግር መሬት ሲረግጥ የሚጨምር፣ በየቀኑ የሚብስ ሕመም ግን የአንገቱ አጥንት እየተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ወደ ክራንች ተመልሶ በዚያው ሳምንት ራጅ መነሳት ነው፤ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ የብረት ጥላን በሚቀንስ ዘዴ የሚነሳ ኤምአርአይ ይጠየቅ። ማስታገሻ ውጦ መሮጥ ይህን ሕመም ብቻ ሳይሆን ማስጠንቀቂያውንም ይሸፍናል።

በዓመት፦ ደምና ራጅ

ቆብና ኩባያ እስኪስማሙ ድረስ በመጀመሪያው ዓመት ብረቱ የበለጠ ይፋቃል። ስለዚህ የኮባልትና የክሮሚየም ምርመራ ዓመት ሲሞላ ከኩላሊት ምርመራ ጋር ይሠራ። የእንግሊዝ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ተጨማሪ ክትትል የሚጠይቀው በሊትር 7 ማይክሮግራም ሲያልፍ ነው። ውጤቱ በናኖሞል ከመጣ ይኸው ልክ ለኮባልት 119፣ ለክሮሚየም 134.5 ነው፤ መለኪያውን ሳያይ ቁጥሩን ብቻ አንብቦ የደነገጠ ሰው ብዙ ነው። የሚቀዳውም ለጥቃቅን ማዕድናት በተዘጋጀ ቱቦ ይሁን፤ ተራ ቱቦና መርፌ ራሱ ብረት ሊጨምር ይችላል።

ራጁን በተመለከተ፣ የ6ኛው ሳምንት ፎቶ ቅጂ በእጅ ይቀመጥ፤ የዕቃው መለያ ቁጥር ካለበት ካርድ ጋር። በዓመቱ ሲነሳ ሐኪሙ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የአንገቱን ውፍረት ይለካ፣ በቆቡ መሃል ባለው ዘንግ ዙሪያ ጥቁር መስመር መውጣት አለመውጣቱንም ይይ። ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር የሚታይ ሰው የመጀመሪያውን ፎቶ ይዞ ካልሄደ፣ አዲሱ ሐኪም አንገቱ ቀጥኖ ይሁን ድሮም ቀጭን ይሁን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።