ለእናት ለአባታችሁ «የጆሮ ማሽን» ከመግዛታችሁ በፊት (ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች)

«ጆሮ የሚከፍት ዲጂታል ማሽን» እየተባለ ከቻርጀርና ከኢርፎን ጎን የሚሸጠውን፣ በቴሌግራም ታዝዞ ቤት ድረስ የሚመጣውን ዕቃ ለወላጆቻችሁ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ብሩን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እንዲህ የሚሸጠው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የመስሚያ መሣሪያ አይደለም፤ ድምፅ ማጉያ ነው።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ የሚደክመው ለሁሉም ድምፅ እኩል አይደለም። ቀድሞ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። አዛውንቶች «ድምፅህ ይሰማኛል፣ የምትለው ግን አይገባኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የሚለዩት በቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ «ሰጠ» ይሁን «ሸጠ»፣ «ጠፋ» ይሁን «ተፋ» ይምታታባቸዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ በሽመና ማሽን ጩኸት ለዓመታት ለሠሩ ጡረተኞች ደግሞ ሌላ ይጨመራል፦ የጩኸት ጉዳት በጆሮ ምርመራው ግራፍ ላይ 4000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው) አካባቢ እንደ ጉድጓድ ወርዶ ይታያል።

ርካሹ ማጉያ ይህን ሁሉ አያውቅም። የሳህኑን ኳኳታ፣ የባጃጁን ጩኸት፣ የጎረቤቱን ሬዲዮና የልጃቸውን ንግግር አንድ ላይ ያጎላል። ድሮም የሚሰሙት ወፍራም ድምፅ ይጮኽባቸዋል፤ የጎደላቸው ቀጭን ድምፅ ከሥሩ ተውጦ ይቀራል። ከዚህ የከፋው፣ አንዳንዱ ዕቃ የድምፅ ጣሪያ፣ ማለትም ድምፁ ከዚህ በላይ እንዳይጮኽ የሚያግድ ወሰን፣ የለውም። ያረጀ ጆሮ ለስላሳውን ድምፅ ባይሰማም ኃይለኛውን የመቋቋም አቅሙ አልጨመረም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቶሎ ያመዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለጆሮ ማዳመጫ ያስቀመጠው የደኅንነት መጠን በሳምንት ለ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) 40 ሰዓት፣ ለ90 ዴሲቤል 4 ሰዓት ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮ ውስጥ የሚውል ዕቃ ጣሪያ ከሌለው የተረፈውንም ሊጎዳ ይችላል።

ሻጩን አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ይህ መሣሪያ የተስተካከለው በማን የጆሮ ምርመራ ነው?» መልሱ «ለሁሉም ይሆናል» ከሆነ እዚያው ተዉት። እውነተኛው መሣሪያ ከኮምፒውተር ወይም ከስልክ ጋር ተገናኝቶ በእያንዳንዱ የድምፅ ቅጥነት ልክ የሚስተካከል ነው፤ የማጉያው ማስተካከያ ብዙ ጊዜ አንድ የምትሽከረከር ጎማ ብቻ ናት። የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉንና መለያ ቁጥሩን ፈልጉ። ለሁለት ጆሮ የተሠራ ከሆነ ቀይ ምልክት ያለው የቀኝ፣ ሰማያዊው የግራ ነው። ካርቶኑ ላይ «ኤፍዲኤ» የሚል ማኅተም አይታችሁ አትመኑ፤ ይህ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፋብሪካን መመዝገቡ ዕቃውን መርምሮ አጸደቀ ማለት አይደለም፣ የምዝገባ ሰርተፊኬትም አይሰጥም። «በ15 ቀን ጆሮን ያድናል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ውሸት ነው፤ መሣሪያ ያግዛል እንጂ የተጎዳውን የጆሮ ውስጥ ሕዋስ መልሶ አያበቅልም።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ይህን ሞክሩ። መሣሪያው እንደተደረገላቸው አንድ ሜትር ያህል ርቃችሁ ከኋላቸው ቁሙ፣ ከንፈራችሁን እንዳያዩ። በተለመደ ድምፅ «ሰጠ፣ ሸጠ፣ ጠፋ፣ ተፋ» በሉና ያስደግሟችሁ። ከዚያ ማንኪያ በሳህን ላይ ጣሉ። ድምፁ ጨምሮ ቃሉ ካልጠራ፣ ወይም የማንኪያው ድምፅ ካስደነገጣቸው፣ አትክፈሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ጆሮው ይታይ። ኩክ የደፈነው ጆሮ ሲጠረግ መስማት የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ኩክ ላይ መሣሪያ መሰካት ብር ማባከን ነው። በክብሪት እንጨት አትንኩት። መግል ካለ፣ ሕመም ካለ፣ አንዱ ጆሮ ብቻ ከደከመ ወይም ማዞር ካለ መጀመሪያ ከአንገት በላይ (የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ) ሐኪም ጋ ሂዱ። በሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የጠፋ መስማት ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ ሕክምናው በዘገየ ቁጥር የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል።

ትክክለኛ ምርመራ ጸጥ ባለ ክፍል ይደረጋል። ከ250 እስከ 8000 ኸርዝ ያሉ ድምፆች ለእያንዳንዱ ጆሮ ለየብቻ ይሰጣሉ፤ ቀጥሎ ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ በሚቀመጥ መለኪያ ይደገማል፣ ችግሩ የውጭና የመካከለኛው ጆሮ ይሁን የውስጠኛው የሚለየው በዚህ ነው። ውጤቱ የሚሰፍርበትን ግራፍ፣ ኦዲዮግራሙን፣ ኮፒውን ተቀበሉ። የእናንተ ነው። ዘመድ ከውጭ መሣሪያ ልላክ ካለም መጀመሪያ ይህን ግራፍ ላኩለት። አሜሪካ ውስጥ ከ2022 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጡት መሣሪያዎች የታሰቡት ከቀላል እስከ መካከለኛ ድካም ላለበት አዋቂ ነው፤ ድካሙ ለከፋ ሰው አይበቁም።

እውነተኛ መሣሪያ ስትገዙ የምትከፍሉት ለፕላስቲኩ ብቻ አይደለም። ለልኬቱ፣ ለማስተካከሉና ለክትትሉ ጭምር ነው። ሌላው መጥፎ ውል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ከሌላ ከተማ መጥቶ በአንድ ቀን ሸጦ የሚሄድ ሰው ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ግማሹን ነው የሸጠላችሁ። ስለዚህ በጽሑፍ ይያዝ፦ የመሞከሪያ ጊዜው ስንት ቀን ነው፣ ካልተስማማ ምን ያህል ይመለሳል፣ ማስተካከያው ስንት ጊዜ በነፃ ነው፣ ዋስትናው የሚሠራው የት ነው፣ ሌላ ባለሙያ ከፍቶ ሊያስተካክለው ይችላል ወይስ ተቆልፏል? ደረሰኝ ላይ መለያ ቁጥሩ ይጻፍ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ስለ ዕቃው በቂና ትክክለኛ መረጃ ማግኘትን የሸማቹ መብት አድርጎ ደንግጓል። ደረሰኝ የሌለው ሰው ግን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የሚያሳየው የለውም።

ባትሪውንም ቀድማችሁ አጣሩ። መጠኑ በቁጥርና በቀለም ይለያል፦ ቢጫ ምልክት ያለው 10፣ ቡናማ 312፣ ብርቱካናማ 13፣ ሰማያዊ 675 ነው። በአየር የሚሠራ ስለሆነ ተለጣፊው ተልጦ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ይገባል፤ አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፍ ዕድሜውን አያድንም። 312 ከሳምንት ብዙ አያልፍም፣ 13 እስከ ሁለት ሳምንት ሊሄድ ይችላል። የሰዓት ባትሪ አይተካውም። የዚያ ቁጥር ባትሪ ደሴ ውስጥ የሚገኝበትን ቦታ ሳታውቁ መሣሪያውን አትግዙ። ቻርጅ የሚደረገው ለተንቀጠቀጠ እጅ ይመቻል፣ መብራት ሲጠፋ ግን በፓወር ባንክ መሙላት እንደሚቻል ጠይቁ። ያለቀውን ባትሪ ሕፃን እንዳያገኘው፤ ከዋጠ ሳትዘገዩ ሆስፒታል ውሰዱት።

መሣሪያው ጥሩ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። አእምሮ ለዓመታት የረሳው ድምፅ በአንዴ ይመለሳል፦ የነጠላው መፋተግ፣ የራስ እርምጃ፣ የእንጀራ ምጣዱ። ከዚህ የተነሳ «አውልቁልኝ» ማለታቸው አይቀርም። ቤት ውስጥ፣ ከአንድ ሰው ጋር፣ በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ይጀመርና በየቀኑ ይጨመር። ጎረቤት የተሰበሰበበት ቡና፣ ገበያና ሰርግ ኋላ ይምጣ። ለመልመድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ሕመም ግን የመልመድ ጉዳይ አይደለም፤ መስተካከል አለበት። መሣሪያው ሲያፏጭ ብዙ ጊዜ ጆሮ ውስጥ የሚሰካው ጎማ በደንብ አልገባም፣ ጆሮው ኩክ ይዟል፣ ወይም ድምፁን ወደ ጆሮ የሚወስደው ቱቦ ደርቆ ተሰንጥቋል ማለት ነው። የራሳቸው ድምፅ በርሜል ውስጥ እንዳለ ከሆነባቸው የጎማው የአየር ቀዳዳ ይቀየር።

ለውዱእ፣ ለጸበልና ለገላ መታጠብ መውለቅ አለበት፤ ጆሮው በደንብ ሳይደርቅ አይመለስም። ሻሽና ሂጃብ ማይክሮፎኑን ሲፈትጉ የሚሰማው ኮሽታ ብልሽት አይደለም፣ አጠማጠሙን ትንሽ ላላ ማድረግ ይበቃል። ማታ የባትሪው በር ተከፍቶ ይደር።

ማጉያውን ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ አባታችሁ «ማሽን አይሆነኝም» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከጣሉት በኋላ ዝም አትበሉ። ያልሆናቸው ያ ዕቃ መሆኑን፣ ጆሯቸው ገና እንዳልተለካ ንገሯቸውና ለምርመራው ይዛችኋቸው ሂዱ። በየትኛው ቦታ፣ የማን ድምፅ እንደሚያስቸግራቸው በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፤ ባለሙያው መሣሪያውን የሚያስተካክለው በዚያ ጭምር ነው።