ፒኬጂ-ኮንፊግ፦ ዘግይቼ የወደድኩት ዕቃ

የኮምፒውተር ላባችን ሰርቨር ላይ 12 ልጆች በሲ ፕሮግራም ይጽፋሉ። የሚፈልጉት ሄደር ፋይል፣ ማለትም ኮዱ የሚጠራቸው ፈንክሽኖች የተዘረዘሩበት ፋይል፣ ያው አንድ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ወደ ራሱ ፎልደር ኮፒ አድርጎታል። የአንዱ ኮፒ አዲስ ነው፣ የሌላው ከሦስት ዓመት በፊት የተወሰደ። ሰለቸኝና ሁሉንም ሰብስቤ ኦፕት ስር አንድ ኢንክሉድ ፎልደር ውስጥ አስቀመጥኩ። ለሲ ኮምፓይለሩ ለጂሲሲ ደግሞ መንገዱን በሲፓዝ ነገርኩት፤ ሲፓዝ ሄደር የሚፈለግባቸው ፎልደሮች በኮለን ተለያይተው የሚጻፉበት የሲስተም ቫሪያብል ነው። አንድ መስመር ናት፦ አዲሱ ፎልደር፣ ኮለን፣ ከዚያ ሲፓዝ ድሮ የያዘው። ተገላገልኩ ብዬ ቡናዬን ጠጣሁ።

ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ አንዷ ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «መምህር፣ ትናንት ይሠራ የነበረ ኮድ ዛሬ እምቢ አለኝ።» ኮምፓይለሩ ሰዓት የሚጠይቀውን ፈንክሽን አላውቀውም ይላል። እንዴት አያውቀውም? ጂሲሲን በሰረዝ ቪ አስኬድኩት። እንዲህ ሲባል ሄደር የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በተራ ይዘረዝራል። አንደኛው የኔ ፎልደር ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ብቻዋን ተቀምጣለች።

ነጥቧ «እዚሁ፣ የቆምክበት ፎልደር» ማለት ናት። ሲፓዝ መጀመሪያ ባዶ ስለነበር ኮለኔ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ቀርታለች። ጂሲሲ ደግሞ ከኮለን ጎን ባዶ ቦታ ካገኘ «እዚሁ» ብሎ ነው የሚያነበው። ልጅቷ ለካ ማታውን ታይም ነጥብ ኤች የሚባል የራሷን ፋይል ፈጥራለች። ጂሲሲም በሲስተሙ ታይም ነጥብ ኤች ፈንታ የሷን አነበበ። ጥፋቱ የኔ፣ ድካሙ የሷ።

ከዚያ ነው ላይብረሪ የት እንዳለ ወደሚናገረው ፕሮግራም፣ ወደ ፒኬጂ-ኮንፊግ የዞርኩት። እያንዳንዱ ላይብረሪ ነጥብ ፒሲ የሚል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይኖረዋል፤ ስሙ፣ ቨርዥኑ፣ ሄደሩና ላይብረሪው የት እንዳሉ ተጽፎበታል። ኮዱ የሚገነባበት ትእዛዝ በሚጻፍበት ሜክፋይል ውስጥ በሲፍላግስ ስትጠይቁት የሄደሩን መንገድ፣ በሊብስ ስትጠይቁት ደግሞ ኮዱን ከላይብረሪው ጋር ለሚያገናኘው ለሊንከሩ የሚያስፈልገውን ይሰጣችኋል። ሲፓዝ ስለ ሊንከር የሚያውቀው ነገር የለም። ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነው፦ ያልጠየቀው ሰው ኮድ ላይ ምንም አይነካም።

እንከን አለው። ባለፈው ዲስክ ስንቀይር ፎልደሩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወርኩት። ፒሲ ፋይሎቹ ውስጥ ያለው ፕሪፊክስ፣ ማለትም የላይብረሪው ዋና ፎልደር አድራሻ፣ ግን በእጅ የተጻፈ የድሮ አድራሻ ነው። ፒኬጂ-ኮንፊግ ፎልደሩ መኖሩን አያጣራም፤ የሌለውን መንገድ በሙሉ ልብ ይነግራችኋል። ዲፋይን-ፕሪፊክስ የሚል ኦፕሽን አለው፤ ፕሪፊክሱን ፒሲ ፋይሉ ካለበት ቦታ ራሱ ያወጣዋል። ይህን ሳላውቅ ስድስት ፋይል አንድ በአንድ አርሜያለሁ። ደግሞ ፋይሎቹን ስትጭኑ ፐርሚሽን አትርሱ፤ እኔ ሩት በሚባለው የአስተዳዳሪ አካውንት ጭኜ፣ ከኔ በቀር ማንም ማንበብ አቅቶት ግማሽ ቀን አልፏል።

የሲፓዝን መስመር ተጠቃሚ ሲገባ ከሚነበበው የፕሮፋይል ፋይል አጥፍቻታለሁ። ልጅቷ የታይም ነጥብ ኤች ፋይሏን ስም እስከዛሬ አልቀየረችም፤ ኮዷም ይሠራል።