ዳሌው የላላ ወጣት ውሻ፦ ከራጅ እስከ መደገፊያ ማሰሪያ ምን ከምን ይመረጣል?

ገና ዓመት ያልሞላው ውሻ ሲሮጥ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን እንደ ጥንቸል አንድ ላይ የሚያነሣ፣ ከተኛበት ሲነሣ በፊት እግሮቹ ተስቦ ኋላውን ዘግይቶ የሚያስከትል፣ ደረጃ ሥር ሲደርስም ቆሞ የሚያመነታ ከሆነ፣ ሂፕ ዲስፕላሲያ የተባለው የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ሊጠረጠር ይገባል። ጥርጣሬው ሲረጋገጥ በባለቤቱ ፊት የሚደረደረው የሚገዛ ነገር ብዙ ነው፤ ልዩ ምግብ፣ የመገጣጠሚያ ዱቄት፣ የዓሣ ዘይት፣ ወፍራም ፍራሽ፣ የዳሌ መደገፊያ፣ መወጣጫ ሁሉ ለመገጣጠሚያ ይበጃል ተብሎ ይሸጣል። የሚሰጡት ጥቅም ግን እጅግ የተራራቀ ነው። ከሁሉ በላይ፣ አንዳንዱ ምርጫ የዕድሜ ገደብ ስላለው፣ ገንዘቡን በዱቄትና በፍራሽ የጨረሰ ሰው ለውሻው ይበልጥ የሚጠቅመው ሕክምና ጊዜው ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ንጽጽሩን የምጀምረው በመደብር ካለው ሳይሆን በእንስሳት ሐኪም ቤት ካለው ነው።

ሕመሙ የሚመጣው የጭን አጥንት ክብ ራስ በዳሌ አጥንት ላይ ካለው ጎድጓዳ ማቀፊያ ጋር በደንብ ሳይገጥም ሲያድግ ነው። ቡችላው ሲወለድ መገጣጠሚያው ጤነኛ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጅማቶቹ ሲላሉ የአጥንቱ ራስ ከማቀፊያው እየተንሸራተተ ልም አጥንቱን ይፍቃል፣ ማቀፊያውም ጥልቀቱን ያጣል፣ ሰውነትም የላላውን ለማጽናት ትርፍ አጥንት ያበቅላል። ይህ የመጨረሻው ደረጃ አርትራይተስ ነው። ዝንባሌው ከዘር የሚወረስ ሲሆን በጀርመን ሸፐርድ፣ በላብራዶር፣ በጎልደን ሪትሪቨር፣ በሮትዋይለርና በመሳሰሉት ትልልቅ ዝርያዎች ይበዛል፤ የሚበላው ምግብ፣ የሰውነቱ ክብደትና የእንቅስቃሴው ዓይነት ደግሞ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚበረታ ይወስናሉ።

ሁለቱ ራጆች

የተለመደው ራጅ ውሻው በጀርባው ተኝቶ የኋላ እግሮቹ ቀጥ ብለው ተዘርግተው የሚነሣ ሲሆን፣ የአጥንቱን ቅርጽና የጀመረ አርትራይተስን በደንብ ያሳያል። ጉድለቱ፣ እግሩ በዚህ መልክ ሲዘረጋ የመገጣጠሚያው ከረጢት ስለሚጠመዘዝ፣ የላላው መገጣጠሚያ ለጊዜው የጠበቀ መስሎ ሊታይ መቻሉ ነው። ኦኤፍኤ የተባለው የአሜሪካ ተቋም በዚህ ዓይነት ራጅ የመጨረሻ ደረጃ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ሲሞላው ነው፤ ይህ ለማራባት ላሰበ ሰው ተገቢ መመዘኛ ቢሆንም ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ቡችላ ግን በጣም ይዘገያል። ሁለተኛው፣ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፔንሂፕ፣ ውሻው በሰመመን ውስጥ ሆኖ የአጥንቱ ራስ ከማቀፊያው ምን ያህል እንደሚርቅ በቁጥር ይለካል፤ ከ16 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮም ይሠራል። ቁጥሩ ከ0.30 በታች ከሆነ መገጣጠሚያው የጠበቀ ነው፤ ወደ 1 በቀረበ መጠን ላልቷል ማለት ነው። ይህን የሚያነሣው ለዚሁ የሠለጠነ ሐኪም ብቻ ነው።

ቡችላው ስድስት ወር ካልሞላውና የሠለጠነ ሐኪም ከተገኘ ያለ ማመንታት ፔንሂፕን እመርጣለሁ። ዓመት የተጠጋውና በግልጽ የሚያነክስ ውሻ ከሆነ ግን የተለመደው ራጅ ለውሳኔ በቂ ስለሆነ፣ የዋጋውን ልዩነት ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል።

ቀዶ ሕክምና፦ ምርጫውን ዕድሜ ይወስናል

አራት ዋና ዋና መንገዶች አሉ፤ በእርግጥም ለአንድ ውሻ በአንድ ጊዜ አራቱም ክፍት አይሆኑም። የመጀመሪያው ከ12 እስከ 20 ሳምንት ባለው ዕድሜ የሚደረገውና በዳሌው ግርጌ ያለውን የአጥንት ማደጊያ በሙቀት የሚዘጋው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የቀረው የዳሌ ክፍል ማደጉን ሲቀጥል ማቀፊያዎቹ በራሳቸው ዞረው የአጥንቱን ራስ የበለጠ ይሸፍናሉ። ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው፤ ሁለቱንም ዳሌ በአንድ ጊዜ ያክማል፣ ሳህንም ሆነ ብሎን የለውም። ችግሩ በዚያ ዕድሜ አብዛኛው ቡችላ ምንም ምልክት የማያሳይ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ዕድሉ የሚገኘው ወላጆቹ ሕመሙ እንዳለባቸው ለሚታወቅ ወይም ዝርያው ለሚያሰጋ ቡችላ ቀድሞ ለሚያስመረምር ሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዳሌውን አጥንት በሁለት ወይም በሦስት ቦታ ቆርጦ ማቀፊያውን በማዞር በሳህንና በብሎን ማሰር ነው። የሚስማማው አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ወር ለሆነና አርትራይተስ ላልጀመረው ውሻ ነው። የራሱን መገጣጠሚያ ያቆይለታል፤ ነገር ግን አጥንቱ እስኪጠገን ለሳምንታት በጠባብ ቦታ ተወስኖ እንዲቆይ ስለሚያስገድድ፣ ቤተሰቡ ያንን ጸንቶ መጠበቅ መቻሉን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

የቀሩት ሁለቱ መገጣጠሚያው ከተበላሸ በኋላ የሚመጡ ናቸው፤ የብዙ ባለቤቶች እውነተኛ ምርጫም በእነዚህ መካከል ነው። የጭን አጥንቱን ራስ ቆርጦ ማውጣት በማንኛውም ዕድሜ ይቻላል፤ ወጪውም ያነሰ ነው፤ በአጥንቱ ፋንታ ጡንቻና ጠባሳ ሐሰተኛ መገጣጠሚያ ይሠራሉ። ቀለል ያለ ክብደት ያለውና ጡንቻው የዳበረ ውሻ በዚህ ደህና ይሆናል፤ ከባድ ውሻ ግን እግሩ በመጠኑ አጥሮ፣ ጉልበቱም ቀንሶ ሊቀር ይችላል። መገጣጠሚያውን በሙሉ በብረትና በፕላስቲክ መተካት ደግሞ ሲሳካ ወደ ጤነኛ አረማመድ የሚያቀርብ ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው እድገቱ ካበቃ በኋላ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ መውለቅ፣ ኢንፌክሽን፣ የአጥንት መሰበርና የተተከለው መላላት ሊያጋጥም ይችላል። ሁለቱም ዳሌ ታመው አንዱን ብቻ መተካት የሚበቃቸው ውሾች ብዙ መሆናቸውን ማወቅ ለሒሳቡ ይጠቅማል። ለትልቅ ውሻ፣ አቅሙ ካለና ይህን አዘውትሮ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ከተገኘ፣ መተካቱ ይበልጣል፤ ለትንሽ ውሻ ግን ለዚያ ሁሉ ወጪ መቸኮል አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ለሚጨነቅ ሁሉ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ከአምስት እስከ አሥር ወር ድረስ በብርቱ ያነክሱ የነበሩ ብዙ ውሾች፣ ጡንቻቸው ሲጠነክርና የመገጣጠሚያው ከረጢት ሲወፍር ሕመማቸው ይቀልላል። መገጣጠሚያው ስለ ዳነ አይደለም፤ አርትራይተሱም ከዓመታት በኋላ ይመጣል፤ ሆኖም ያለ ቀዶ ሕክምና በጥሩ አያያዝ መቆየት የተሸናፊ ምርጫ አይደለም።

ምግብና ክብደት

ከሚገዛው ሁሉ መካከል የምግቡን ያህል የሚጠቅም የለም፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ መፍትሔው ያነሰ መግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ የረጅም ጊዜ ጥናት 48 ላብራዶሮች ከቡችላነት ጀምሮ በጥንድ ተከፍለው፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየተሰጠው እስከ ዕድሜው መጨረሻ ተከታትለዋቸዋል። ያነሰ የበሉት በመካከለኛ ስሌት 13 ዓመት ሲኖሩ ሌሎቹ 11.2 ዓመት ኖረዋል፤ የዳሌ አርትራይተሱም ያነሰ በበሉት ላይ ቀለል ብሎና ዘግይቶ ታይቷል። የትኛውም ዱቄት እዚህ ውጤት አጠገብ አይደርስም።

ለትልልቅ ዝርያ ቡችላዎች የተዘጋጀውን ምግብ ከተራው የቡችላ ምግብ ጋር ስናነጻጽር፣ የመጀመሪያው ካልሲየሙ የተመጠነና እድገቱን ዝግ የሚያደርግ ስለሆነ ይመረጣል። ትንሽ ቡችላ ትርፍ ካልሲየም ከአንጀቱ ወደ ሰውነቱ እንዳይገባ የመከላከል ችሎታው ገና ስላልዳበረ፣ «አጥንቱ እንዲጠነክር» እየተባለ በተሟላ ምግብ ላይ የሚጨመር የካልሲየም ዱቄት አጥንቱን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በቤት የሚሠራ ምግብ ደግሞ የአመጋገብ ባለሙያ በመጠን ካላዘጋጀው በስተቀር ለሚያድግ ትልቅ ውሻ አይመከርም።

ክብደቱን ለማወቅ ከሚዛን በፊት እጅ ይበቃል። መዳፍን በውሻው ጎን ላይ ቀስ ብሎ ማሳለፍ ነው፤ የጎድን አጥንቶቹ የተዘረጋን እጅ ጀርባ ሲዳስሱ እንደሚሰማው ያህል ከቀጭን ሽፋን ሥር ከተገኙ ልኩ ነው፤ ለማግኘት መጫን ካስፈለገ የዕለት ምግቡ ሊቀነስ ይገባዋል።

ማሟያና መድኃኒት

ከማሟያዎች የዓሣ ዘይት ከግሉኮሳሚንና ከኮንድሮይቲን የተሻለ ማስረጃ አለው። ኢፒኤና ዲኤችኤ የተባሉት የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ብግነትን ስለሚቀንሱ፣ ገዢው ማነጻጸር ያለበት የእነዚህን መጠን እንጂ የዘይቱን አይደለም፤ 1000 ሚሊግራም የሚል የተለመደ እንክብል ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የሁለቱን ድምር ወደ 300 ሚሊግራም ብቻ ነው። የዓሣ ጉበት ዘይት በዚህ ቦታ መተካት የለበትም፤ ቫይታሚን ኤ እና ዲ ስለሚበዛበት በብዛት ሲሰጥ ይመርዛል። የግሉኮሳሚን ጥናቶች ውጤት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው፤ ጉዳቱ ጥቂት ስለሆነ ገንዘብ የተረፈው ሊሞክረው ይችላል፤ ለሰው የተሠራና ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ከሆነ ግን ለውሻ ገዳይ ነው።

ማሟያ የሕመም ማስታገሻን አይተካም። ካርፕሮፌንና ሜሎክሲካም ለውሻ የተፈተኑ ሲሆኑ በሐኪም ትእዛዝ፣ ጉበትና ኩላሊትን በደም ምርመራ እየተከታተሉ ይሰጣሉ። በወር አንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጠው ሊብሬላ ዓመት ላልሞላው ውሻ ስላልተፈቀደ በዚህ ዕድሜ ምርጫ ውስጥ አይገባም። በቤት የተገኘ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራ ያደማል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል፤ በምንም መጠን አይሰጥም።

ወለል፣ መኝታና ማሰሪያ

የሚያንሸራትት ወለል ለላላ ዳሌ ጠላቱ ነው፤ ውሻው ሊነሣ ሲል የኋላ እግሮቹ ወደ ጎን እየከፈቱ መገጣጠሚያውን በየቀኑ ይስባሉ። ሥሩ ጎማ የሆነ ምንጣፍ ከመኝታው እስከ ምግቡና እስከ በሩ ድረስ ማንጠፍ፣ ለውሻ ከሚሸጠው ካልሲ ይሻላል፤ ካልሲው ይዞራል፣ ይወልቃል፣ ብዙ ውሾችም ያኝኩታል። ጥፍሩን ማሳጠርና በመዳፉ መካከል የበቀለውን ፀጉር መከርከም ከሁለቱም ጋር የሚሄድና ወጪ የሌለው ነው። በኖርዌይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እስከ ሦስት ወር ዕድሜያቸው ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ቡችላዎች ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን፣ በተፈጥሮ መሬት ላይ ያለ ገመድ የሚንቀሳቀሱት ግን የቀነሰ አደጋ እንደነበራቸው አሳይቷል፤ ስለዚህ ለቡችላ ከመወጣጫ ይልቅ ደረጃውን የሚዘጋ መከለያ ይቀድማል።

ፍራሹን በስሙ ሳይሆን በጡጫ መፈተን ይቻላል፤ ሲጫኑት እጅ ከወለሉ ጋር ከተገናኘ፣ ውሻው ሲተኛበትም ዳሌው ወለሉን ያገኛል። ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅና የሚወልቅ ልብስ ካለው ይበቃል።

በመደገፊያዎች ረገድ፣ በዳሌ ላይ የሚጠመጠመው መደገፊያ መገጣጠሚያውን በቦታው ያቆያል የሚለው አባባል ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ከኋላ በኩል እጀታ ያለው ማሰሪያ ግን ከቀዶ ሕክምና በኋላና በክፉ ቀናት ውሻውን ለማንሣት በግልጽ ይረዳል። ለወንድ ውሻ ሽንቱን የማይከለክል ቅርጽ ያለው ይመረጥ፤ ገና የሚያድግ ስለሆነም ማሰሪያዎቹ የሚሰፉና የሚጠቡ ይሁኑ፣ ብብቱና ጉያው በተደጋጋሚ ይታይ፤ ቆዳው ከቀላ ማሰሪያው ጠቦታል።