«የሬድዮ ጥቅል» የሚባለውን የኢንተርኔት ውል ሳትፈርሙ ይህን አንብቡ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቢቸና ወይም በሌላ የጎጃም ከተማ እንደ እኛ ትንሽ የሬድዮ ዝግጅት በኢንተርኔት ለማሰራጨት የምታስቡ ካላችሁ፣ እኛ ከገባንበት ጉድጓድ ራቁ። እኛ የገባን 22,000 ብር ከከፈልን በኋላ ነው።

አምስት ሆነን ቅዳሜ ማታ ለሁለት ሰዓት ቅኔ፣ ማሲንቆና የገበያ ወሬ እናሰራጫለን። አድማጫችን በዛ ቢባል 30 ነው። ከመስቀል በኋላ አንድ መስመር ዘርጊ መጣና ወረቀት ላይ ሂሳብ ሠራልን። «አንድ አድማጭ 128 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይወስዳል። 100 አድማጭ ሲመጣባችሁ 12.8 ሜጋ ቢት ይሆናል። 20 ሜጋ ውሰዱና ተገላገሉ» አለን። ማባዛቱ ልክ ነው፤ የተታለልነው በማባዛቱ አይደለም። ይኸው ሰው በዚያው ጥቅል ውስጥ የሰርቨር (ኢንተርኔት ላይ ያለ ድምፅ አከፋፋይ ኮምፒውተር) ኪራይም አስከፍሎናል። ሰርቨር ካለ ደግሞ ከእኛ ክፍል የሚወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ለ30ም ሆነ ለ100 አድማጭ አባዝቶ የሚያድለው ሰርቨሩ ነው። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ሸጠልን።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ሰምና ወርቅ የቅኔ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ለካ የኢንተርኔት ውልም አለው። ሰሙ 20 ሜጋ ነው፤ ወርቁ ሦስተኛው ገጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ተቀብሯል። 20 ሜጋ የመቀበያ ፍጥነት ነው፤ ለአሰራጭ የሚያስፈልገው የመላኪያው ፍጥነት፣ አፕሎድ የሚባለው፣ «እንደ ሁኔታው» ይላል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ማሲንቆው እንደጀመረ ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ከደጀን አንድ አባት ደውለው «ልጆቼ፣ ጭራው ተበጠሰባችሁ እንዴ?» አሉን። ጭራውስ ደህና ነበር። መስመሩን ስንለካው መቀበያው 18 ሜጋ ያሳያል፣ መላኪያው ግን ከ0.2 ሜጋ ቢት ተነስቶ አንዳንዴ ከ0.1 በታች ይወርዳል። 0.1 ሜጋ ማለት 100 ኪሎ ቢት ነው፤ እኛ የምንልከው 128። እንዴት ይለፍ?

እውነተኛው ፍላጎታችን ሲሰላ ያሳፍራል። ለንግግርና ለአንድ ማሲንቆ 64 ኪሎ ቢት በቂ ነው። ለመዋዠቁ እጥፉን ብትይዙ እንኳ 128 ኪሎ ቢት የማይዋዥቅ መላኪያ ይበቃል። በ64 ኪሎ ቢት አንድ ሰዓት 28.8 ሜጋ ባይት ይፈጃል፤ አራት ቅዳሜ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢደመር 230 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ይህን የስልክ ዳታም ይችለዋል። (ስምንት ቢት አንድ ባይት መሆኑን ሻጮች ማስታወስ አይወዱም።) በሰርቨሩ በኩል ግን ሂሳቡ በአድማጭ ይባዛል፤ 30 ሰው ሁለቱንም ሰዓት ቢያዳምጥ በአንድ ምሽት 1.7 ጊጋ ባይት፣ በወር ወደ 7 ጊጋ ይደርሳል። ስለዚህ ሰርቨር ስትከራዩ የወሩ የዳታ ጣሪያ ስንት እንደሆነና በአንድ ጊዜ ስንት አድማጭ እንደሚያስገባ ጠይቁ። የእኛው 25 ላይ ይዘጋል። ለ100 አድማጭ ብሎ መስመር የሸጠልን ሰው 26ኛውን በር ላይ አቁሞታል።

መስመሩን በቀን አትለኩ፤ በምታሰራጩበት ሰዓት፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚጠቀምበት ምሽት፣ ደጋግማችሁ ለኩ። የመላኪያው ዝቅተኛ ፍጥነት በቁጥር ካልተጻፈ አትፈርሙ። የዓመት ቅድመ ክፍያ ከተጠየቃችሁ በወር ካልሆነ በሉ።

አሁን በ48 ኪሎ ቢት፣ በአንድ ስልክ ዳታ እያሰራጨን ነው፤ የደጀኑ አባት ማሲንቆው ተጠገነ ብለውናል። ገንዘቡን እንዲመልስ ሦስት ጊዜ ጠይቀናል። «መስመሩ እኮ ይሠራል» ነው መልሱ።