አኳሪየሙ አፈሰሰ፦ መጠገን፣ አፍርሶ መሥራት ወይስ አዲስ መግዛት?

ትልቅ አኳሪየም ቤት ውስጥ ማፍሰስ ሲጀምር ያስደነግጣል። ወለሉ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ከሁሉም በላይ ዓሦቹ አሉ። በድንጋጤ አንዱ ሲሊኮን ገዝቶ ከውጭ ይለጥፋል፤ ሌላው ደህናውን አኳሪየም አውጥቶ ይጥላል። ሁለቱም የሚያዩት የፈሰሰውን ውሃ ብዛት ነው፤ ከየት እንደፈሰሰ አላጣሩም። በጠብታ ብቻ የሚያፈስ አኳሪየም ሙሉ በሙሉ መፍረስ ሊኖርበት ይችላል። ወለሉን ያጥለቀለቀው ደግሞ አንዲት ጎማ ተቀይራለት ሊድን ይችላል።

ያሉት ምርጫዎች ሦስት ናቸው። ውስጡን ብቻ ፍቆ ሲሊኮኑን ማደስ፣ መስታወቶቹን ለያይቶ እንደገና መገጣጠም፣ ወይም አዲስ መግዛት።

መጀመሪያ ከየት እንደሚያፈስ እወቁ

የረጠበ ሶኬትና ገመድ ካለ ኤሌክትሪኩን ከዋናው አጥፉ። ከዚያ ቀላል ቀላሉን አጣሩ። የላላ የፊልተር ቱቦ ወይም ከክዳኑ ላይ የሚወርድ ላቦት መስታወቱ ያፈሰሰ ሊያስመስል ይችላል። ለቱቦ የተበሳ አኳሪየም ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ላይ ያለውን ጓርኒሲዮን እዩት። ጎማው ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ችግሩ እሱ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ቀይሩ።

ከነዚህ አንዱም ካልሆነ ውጪውን በደንብ አድርቁና በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ ሶፍት አንጥፉ። ቀድሞ የራሰው ቦታ ፍንጭ ይሰጣችኋል። ፍንጭ ያልኩት ውሃ በጠርዙ ስር ሄዶ ሌላ ጥግ ላይ ሊወጣ ስለሚችል ነው። ውሃው እየቀነሰ ሄዶ አንድ ከፍታ ላይ ካቆመ ግን የሚያፈስበት ቦታ እዚያው ልክ ላይ ነው። ይህን ስትጠብቁ ማሞቂያውን መንቀል አትርሱ፤ ከውሃ በላይ እየሠራ ከቀረ ሊፈነዳ ይችላል።

አሁን ባትሪ ያዙና መጋጠሚያዎቹን ከጎን አብሩባቸው። እዚህ ሁለት ሲሊኮን አለ። አንዱ ከውስጥ ማእዘኑን ተከትሎ የተቀባው ነው። ሌላው በሁለቱ መስታወቶች ጠርዝ መሀል ያለው ስስ ንብርብር ነው፤ አኳሪየሙን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። ደህና ንብርብር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት መልክ አለው። የታመመው ላይ ግን ነጣ ያለ፣ ደመና የመሰለ መስመር ይታያል። ወይም የአየር አረፋዎች ተያይዘው ከውስጥ ወደ ውጭ መንገድ ሠርተዋል። አንድ ለብቻው የቆመ አረፋ ብዙም አያሳስብም። እርስ በርስ የተያያዙት ናቸው አደገኞቹ።

ይህ ንብርብር ምን ያህል እንደሚሸከም እንይ። 1.5 ሜትር ርዝመትና 60 ሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ባለው አኳሪየም የፊተኛውን መስታወት ውሃው ወደ ውጭ የሚገፋው የ270 ኪሎ ያህል ክብደት በሚያሳድረው ኃይል ነው። ከፊት ወደ ኋላ ያለው ስፋት ይህን አይለውጠውም፤ ወሳኞቹ ከፍታውና ርዝመቱ ናቸው። ለዚህ ነው ትልቅ አኳሪየም ላይ «ለጊዜው ይያዝልኝ» የሚባል ጥገና የማልደግፈው።

ውስጡን ማደስ መቼ ያዋጣል?

የመሀሉ ንብርብር ደህና ሆኖ የውስጡ ብቻ ሲጎዳ። ለምሳሌ መስታወት ሲጸዳ ምላጭ ቆርጦት ወይም ጠርዙ ተልጦ ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ ርካሹ ይህ ነው። ዋናው ወጪ ሲሊኮኑና ጉልበታችሁ ነው።

ግን አቋራጭ የለውም። አዲስ ሲሊኮን በደረቀ አሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። ስለዚህ ያፈሰሰችውን ቦታ ብቻ መድፈን አይሠራም፤ የውስጡ በሙሉ ተፍቆ፣ መስታወቱ በአልኮል ተጠርጎ፣ ዙሪያውን እንደ አዲስ መቀባት አለበት። ከውጭ መለጠፍማ ጭራሽ የማይሆን ነው፤ የውሃው ግፊት ራሱ ወደ ውጭ ይገፋዋል።

ሲሊኮኑን ስትገዙ ማሸጊያውን አንብቡ። ንጹሕ፣ 100 በመቶ ሲሊኮን መሆን አለበት። ለሻወር ቤትና ለወጥ ቤት ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ሻጋታ የሚገድል ኬሚካል አላቸው፤ ኬሚካሉ ለዓሦቹ መርዝ ነው።

አፍርሶ መሥራት

የመሀሉ ንብርብር አንድ ቦታ ላይ ከለቀቀ የቀሩትም መጋጠሚያዎች እኩያው ናቸው። አንዱን አድሶ ሌላውን መተው ዓሦቹን ሁለት ጊዜ ማንገላታት ነው። ሁሉም መፈታት አለበት።

ይህ ሥራ የሚያዋጣው መስታወቱ ወፍራም፣ ያልተጫረና ጠርዙ ያልተሸረፈ ሲሆን ነው። በተለይ ለአንድ ግድግዳ ልክ ተለክቶ የተሠራ አኳሪየም ከሆነ፣ ወይም አንድ መስታወት ብቻ ተሰንጥቆ የቀረው ደህና ከሆነ። ስንጥቅን ሲሊኮን አያድነውም፤ ያ መስታወት ይቀየራል። ለመለያየት ስስ ምላጭ ወይም ጠንካራ ቀጭን ሽቦ በመጋጠሚያው መሀል እየሳቡ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ሲገጣጠም ደግሞ መስታወቶቹን አጥብቆ መጫን ስህተት ነው። ሲሊኮኑ ተጨምቆ ያልቅና መስታወት ከመስታወት ጋር ይነካካል። ሲሊኮኑ በደቂቃዎች ውስጥ ላዩን ቆዳ ስለሚያወጣ ቀስ ብሎ ማስተካከያ ጊዜ የለም። ሁለት ሦስት ረዳትና ፍጹም ጠፍጣፋ ቦታ ከሌላችሁ ለባለሙያ ስጡት።

አንድ ጥሩ ጎን አለው። ከዚህ በፊት መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ገብቶበት ከነበረ፣ መዳብ የሚጎዳቸውን ሽሪምፕና ኮራል ለማኖር ስታስቡ መዳቡን ይዞ ሊቆይ የሚችለው አሮጌው ሲሊኮን መወገዱ ይጠቅማል። ጠጠሩና ድንጋዩም መዳቡን ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ እነሱንም አትመልሱ።

አዲስ መግዛት

ፋብሪካ በብዛት የሚያመርተው መደበኛ መጠን ከሆነና የመሀሉ ሲሊኮን ከሞተ፣ እኔ አዲስ ግዙ ነው የምለው። የሥራው ዋጋ፣ የሚባክነው ሲሊኮንና የሚያልፈው ጊዜ ሲደመር ልዩነቱ እየጠበበ ይመጣል። መስታወቱ በጭረት የደበዘዘ ከሆነ ደግሞ ምንም አያጠራጥርም። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወትም ለማሻሻል አይመችም፤ ሊበሱት ወይም ሊቆርጡት ሲሞክሩ ይበታተናል።

አክሪሊክ ወይስ መስታወት? አክሪሊክ መስታወት የሚመስል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ በተመሳሳይ ውፍረት የመስታወቱን ግማሽ ያህል ነው የሚመዝነው። ለማንሳት እጅግ ይቀላል፣ በቀላሉ ይጫራል፣ ግን ጭረቱ በፖሊሽ ይወጣል። መስታወት ቶሎ አይጫርም፣ ከተጫረ ግን እንደዚያው ይኖራል። ልጆች ወይም ጠጠር የሚቆፍሩ ትልልቅ ዓሦች ካሉ ምርጫዬ መስታወት ነው።

ያገለገለ ከሆነ ውሃ ሞልቶ ሁለት ቀን ያላሳያችሁን ሻጭ አትመኑ።

ብዙዎች የማይቆጥሩት ወጪ

ዓሦቹ የት ይቆያሉ? ማደሱም ሆነ አፍርሶ መሥራቱ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያ ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል፣ ማሞቂያና የአየር ፓምፕ ያስፈልጋል። ፊልተሩ በርሜሉ ላይ መሥራቱን መቀጠል አለበት። የዓሦቹን ቆሻሻ የሚያጣሩት ባክቴሪያዎች የሚኖሩት ስፖንጁ ውስጥ ነው። ከደረቀ ወይም በክሎሪን ውሃ ከታጠበ ይሞታሉ፤ እንደገና እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። በዚህ አዲስ መግዛት ይበልጣል፤ አዲሱ ቆሞ ተፈትኖ ካለቀ በኋላ ዓሦቹ በአንድ ቀን ይዛወራሉ።

መቀመጫው ሌላው ነው። 500 ሊትር ውሃ ብቻውን 500 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ገና አልተቆጠሩም። ውሃ ልክ አስቀምጡበት። በአንድ ጎን ትንሽ ካዘመመው ይልቅ የተጣመመው ይብሳል፤ አንድ ጥግ አየር ላይ ሲቀር መስታወቱ እዚያ ጋ ይጨነቃል። ውሃ የነካው ቺፕውድ አብጦ ከሆነ መቀመጫውን ሳትቀይሩ ከሦስቱ አንዱንም አትጀምሩ።

ከተሠራ ወይም ከተገዛ በኋላ ሲሶውን ሞልታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን፣ ከዚያ እስከ አፉ። ሲሊኮን ከተቀባ ግን መጀመሪያ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ጠጋ ብላችሁ ስታሸቱት አሁንም አቼቶ አቼቶ ካለ ገና አልደረቀም።